ኍልቈ ሕዝብና የእምድብር እናቶች

በጉራጌ ምድር ባለችው በእምድብር የገበያ ቀን፥ ቆጮና ቡላ በሚሸጥበት ረድፍ ዳር፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንዲት እናት ከአንዷ ሻጭ ወደ ሌላዋ እየተዘዋወሩ እንሰት የሚፍቁላቸውን ሴቶች በቀን ዋጋ ሲለምኑ ሰምቼ ልጆቻቸው የት እንዳሉ ጠየቅኋቸው። «ሰባት ወልጄ ሁለቱን መሬት ወሰደብኝ፥ አምስቱን አዲስ አበባ» አሉኝ፤ የጎረቤታቸው ልጅ ቃላቸውን ወደ አማርኛ እየመለሰችልኝ ሳለም፥ «ያኔ ልጅ አበዛሽ ይሉኝ ነበር፤ ታዲያ ያ ሁሉ በዝቶ የት ገባ ልበል?» ሲሉ ጨመሩ። የሕዝብ ብዛት የአገር ሸክም ነው የሚለውን ቃል በየጽሑፉ ሳነብ የኖርሁ እንደ መሆኔ መጠን፥ ሰባት ወልደው አንድ ጥንድ እጅ ያጡት እናት ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ነሥቶኛል።

የሽግግሩ መንግሥት በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ያወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ፥ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች በአማካይ ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ፥ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙትንም ከመቶ 4 ከማይሞሉት ወደ 44 ለማድረስ፥ እስከ 2007 ዓ.ም. ቀጠሮ ይዞ ነበር። ከዚያ በፊት፥ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መከላከያን በማስታወቂያ ማስተዋወቅን በሚያስቀጣበት ዘመን፥ በ1950ዎቹ መገባደጃ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በጥንቃቄ የጀመረው ሥራ፥ በፖሊሲውና ኋላም በየቀበሌው በተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት እስከ ገጠር ጓዳ ደረሰ፤ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም የአገሪቱ አማካይ ወደ 4.6 ወርዶ፥ የተጠቃሚዎቹ ቍጥር ከመቶ 36 ገደማ ደርሶ ተገኘ፤ የእምድብር ልጆች በብዛት በሚኖሩባት በአዲስ አበባ ደግሞ አማካዩ 1.8 ብቻ ሆነ።

ይህን ፍሬ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። እምድብር ከኅዳር 1996 ዓ.ም. ጀምሮ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መንበር እንደ መሆኗ፥ ስለ መውለድ የሚነገረው ቃል በዐውደ ምሕረት ላይ ከክሊኒኩ ቃል ጋር ሁልጊዜ የሚስማማ ባይሆንም፥ የሦስት ወሩን መርፌ ለመወጋት የሚመጡት እናቶች ከቅዳሴ የቀሩ ሰዎች አይደሉም፤ ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዘው ይኖራሉ። የካቶሊክ ደናግል ያቋቋሙት የአጣጥ ሆስፒታል ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ መውለጃቸው የደረሰ፥ አደጋም የሚያሰጋቸው እናቶች ከሆስፒታሉ አጠገብ የሚቆዩበትን ማረፊያ ቤት አዘጋጅቶ በመጠበቁ፥ ከ1979 እስከ 2000 ዓ.ም. ገደማ የተያዘው መዝገብ ሲመረመር፥ በማረፊያው ከቆዩት እናቶች የሞቱት ከመቶ ሺህ 90 ያህል ሲሆኑ፥ በቀጥታ ከመጡት መካከል፥ ብዙዎቹም ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ናቸውና፥ ከመቶ ሺህ ከ1,300 በላይ ነበሩ። መወለድና መዳን በዚህ ምድር ሥርዐት እየያዘ መጥቷል ማለት ይቻላል። የተወለደውና የዳነው ወዴት እንደሚሄድ ግን ፖሊሲው እምብዛም አልጠየቀም።

ጉራጌ የሕዝቡን ብዛት በመንገድ ማስተንፈስ የጀመረው ከማንኛውም ፖሊሲ በፊት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አገሩ በምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ፥ አዲስ የተቈረቈረችው ዋና ከተማ ጉልበት ትሻ ነበርና፥ ወጣቱ በእግሩ እየተጓዘ ቦይ ቈፍሮ፥ ሸክም ተሸክሞ፥ ጫማ ጠርጎ ያገኘውን ለግብርና ለእናቱ ይልክ ጀመር፤ ቈይቶም ሱቅ ከፍቶ፥ ዕቍብ ጥሎ፥ ዕድር አቁሞ የመርካቶ ባለቤት ሆነ። ወደ አገሩ የሚመልሰው መንገድ ሲያጥረውም የመንግሥትን እጅ ብቻ አልጠበቀም፤ በ1950ዎቹ ነጋዴውና ወዛደሩ ገንዘብ አዋጥተው ማኅበር አቋቋሙና፥ ወልቂጤን ከእምድብርና ከሆሳዕና የሚያገናኘውን መንገድ በማሠራት ተካፈሉ። በእምድብር ዙሪያ ባሉት መንደሮች መካከል የሚዘረጋውን ጀፎረ ያየ ሰው፥ ሣር ለብሶ፥ ከወዲያና ከወዲህ በሣር ጎጆዎች ታጅቦ፥ ለከብት መዋያ፥ ለልቅሶ፥ ለሠርግና ለሸንጎ የሚሆነውን ያን ሰፊ አደባባይ የቀየሱት አበው ምን ያህል ለብዙ ሕዝብ አስበው እንደ ነበር ይረዳል፤ ዛሬ በአዘቦት ቀን በጀፎረው የሚመላለሱት አረጋውያንና ተማሪዎች ናቸው። እናቲቱ ይህንኑ ሲናገሩ፥ «መስቀል ሲደርስ ቤቱ ይሞላል፥ ክትፎው ይበላል፤ ጥቅምት ሲጠባ እኔና ላሚቱ እንቀራለን» አሉኝ።

እንሰት ብዙ ሰው በትንሽ መሬት ላይ ያኖረ ተክል ነው፤ ለዚህም ነው የደጋው መንደር ያን ያህል ተቀራርቦ የተሠራው። ነገር ግን እንሰት በጥቂት ካሬ ሜትር ረኃብን የሚያስታግሠውን ያህል እጅ ይፈልጋል። በእናቲቱ ጓሮ የተመለከትሁት ሥራ እንዲህ ነው፦ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፥ ተሰንጥቆ የወጣውን የእንሰት ግንድ ልብስ በዘመመ ሳንቃ ላይ አጋድማ፥ ጫፉን በተረከዟ አጥብቃ ይዛ፥ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ትፍቀዋለች፤ ነጩ ሥጋ ውሃውን እያንጠባጠበ ሲወርድ ቃጫው በሳንቃው ላይ ይቀራል፤ ሥሩን የምትከትፈው ሌላ ናት፥ ጉድጓዱን በቅጠል የምታለብሰውም ሌላ። አንድ ተክል ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን አንዲት አሮጊት ብቻዋን አትወጣውም። «ብሩ በስልክ ይመጣል፤ ብር እንሰት አይፍቅም» የሚለው ቃላቸው፥ ካነበብኋቸው ጥናቶች ሁሉ ይልቅ ነገሩን አብራርቶልኛል። በየጓሮው ባሕር ዛፍ የሚበዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ተክለውት ቢሄዱ ብቻውን ያድጋል።

ስንት ሰው እንደ ቀረና ስንት እንደ ወጣ ለማወቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ያገኘኋቸውን ኃላፊ ጠየቅኋቸው። ስለ ነዋሪው ቍጥር ትንበያ ነገሩኝ፤ ስለ ወጡት ግን ደብዳቤ እንዳመጣ አዘዙኝ፥ ደብዳቤውን ባመጣሁ ጊዜም «የሚመለከተው አካል እኔ አይደለሁም» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዘዘው ኍልቈ ሕዝብ፥ በ1976፥ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደ ወዲህ አልተደገመም፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች እንደገና አራዘሙት። ያሉትም አኃዞች ያለ ማብራሪያ አይነበቡም፤ የጉራጌ ዞን በ1987 ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተቈጥሮ በ1999 ወደ 1,279,646 የወረደው ሕዝቡ ስላነሰ ሳይሆን፥ በመካከሉ ስልጤ በሕዝበ ውሳኔ የራሱን ዞን ስለ መሠረተ ነው። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን እያንዳንዱ ሰው ሊመዘገብ ወደ ገዛ ከተማው እንደ ሄደ በወንጌል ተጽፏል፤ የዛሬው ቈጠራ ግን ሰውን በሚኖርበት ይቈጥራል፥ የፌዴራሉም ድጎማ ሲከፋፈል የሕዝብ ቍጥር ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ልጁን ወልዶ፥ አስከትቦና አስተምሮ ያሳደገው ወረዳ ወጪውን ሲሸከም፥ የጎለመሰው ሠራተኛ የሚቈጠረው ለሌላ ነው።

ለአረጋውያኑ ጤና፥ ለሳሱት የትምህርት ክፍሎችና ለእርሻው ይህ ምን እንደሚያስከትል ለመዘርዘር ገጹ አይበቃኝም። የወጡትን መዝግቦ የማወቅ ዘዴ ግን በዚያው በጉራጌ ምድር አለ፤ በቡታጅራ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በ10 ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ብቻ ሳይሆን፥ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ ጭምር ቤት ለቤት ሲያስመዘግቡ ኖረዋል። ከ2008 ዓ.ም. አንሥቶ በመላ አገሪቱ የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልደትን፥ ጋብቻን፥ ፍችንና ሞትን ይመዘግባል፤ መውጣትንና መመለስን ግን አይመዘግብም። ቀጣዩ ብሔራዊ ቈጠራ እስኪቀጠር ድረስ፥ እምድብር ባለችበት በቸሃ ወረዳ የሚገኙ ቀበሌዎች በዚያው መዝገብ ላይ ይህን አንድ ዐምድ ጨምረው፥ ልጆች ሁሉ በሚሰበሰቡበት በመስቀል ሰሞን ቢጀምሩት፥ የድጎማውን ቀመር ለሚያወጡት የሚቀርብ ማስረጃ በእጃቸው ይኖራል።