ዝዋይ ሐይቅን ያለ ደርሶ መልስ መሻገር

የአቃቂ ቃሊቲ ሰው ከብዙው አዲስ አበቤ ይልቅ ለሐይቅ ይቀርባል። ወደ ደቡብ የሚወርደው መኪና የሚነሳው ከቃሊቲ መናኸሪያ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዳማ ፈጣን መንገድም የሚጀምረው እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ሞጆንና መቂን ካለፉ በኋላ ባቱ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ፣ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ታዲያ ቅዳሜን ጠብቆ ባቱ የሚወርድ የጓደኛ ቡድን ብዙውን ጊዜ ዓሣውን በልቶ፣ ዳር ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ትልቁ ነገር ግን ያለው ውኃው መሐል ነው።

ዝዋይ ሐይቅ አምስት ደሴቶች አሉት፤ ገሊላ፣ ደብረ ሲና፣ ፈንዱሮ፣ ጸደቻና ከሁሉም የሚሰፋው ቱሉ ጉዶ። ቱሉ ጉዶን ምእመናን ደብረ ጽዮን ይሉታል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ እዚህ እንደቆየ በትውፊት ይነገራል፤ ገዳሙም የቆዩ የብራና መጻሕፍትን ጠብቆ ኖሯል። ደሴቶቹ የዛይ ሕዝብ አገር ናቸው። ዛዮች የሐረሪና የስልጤ ቋንቋዎች ዘመድ የሆነ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ደግፈው ሲያርሱ፣ ከሐይቁ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢው ከተረጋጋ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወጥተው ሰፈሩ።

ለጓደኛሞች የምመክረው ጉዞ ደርሶ መልስ አይደለም። ጠዋት ከባቱ ተነስቶ፣ ደሴት ለደሴት እያሉ ቱሉ ጉዶ መድረስ፣ ከዚያ በምሥራቁ ዳርቻ በአርሲ በኩል መውጣት ነው። ቱሉ ጉዶ ከባቱ ይልቅ ለዚያኛው ዳር ይቀርባል። መመለሻው በአሰላና በአዳማ ይሆንና፣ ከሞጆ ወዲህ ካለው በቀር መንገዱ ሳይደገም ቃሊቲ ይገባል።

ምክንያቴ ነፋሱ ነው። ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ይኑረው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ፣ በጣም ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ውኃው ጸጥ ይላል። ፀሐይ በዙሪያው ያለውን መሬት ስታግል ግን ነፋሱ ይነሳል፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ትንሿን ጀልባ ከፊት ይመታታል። ደርሶ መልስ የሄደ ሰው ረጅሙን የመመለሻ መንገድ የሚያገኘው ልክ በዚያ ሰዓት፣ ደክሞትና ርቦት ነው። ለከሰዓት የሚተርፈው አጭሩ መሻገሪያ ብቻ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይቀላል።

በባሕር ሸራ የሚያነሱ ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቃሉ። በካሪቢያን ከሴንት ሉሲያ በሴንት ቪንሰንት በኩል ወደ ግሬናዳ የሚሄዱ ጓደኛሞች ጀልባ ተከራይተው እዚያው ማዶ ያስረክባሉ፤ ጀልባዋን ወደ መነሻዋ ለመመለስም ተጨማሪ ይከፍላሉ። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል ደግሞ ለ«ራ» ጀልባዎቹ ደንገል ያስቆረጠው ከእኛው ጣና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያዋ ራ ከመድረሻዋ ሳትደርስ ተፈታታች። በ1970 ሁለተኛዋ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነስታ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰባሰቡ ስምንት ሰዎችን ይዛ፣ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ነፋሱና የባሕሩ ጅረት ወደ ምዕራብ ይገፉ ስለነበር በዚያው መንገድ በደንገል ጀልባ መመለስ የሚታሰብ አልነበረም። የጣና ደንገል ታንኳ ሆኖ አትላንቲክን መሻገሩን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቢማሩት ምንኛ ደስ ባለኝ!

ወደ ባቱ ልመለስ። ማለዳ ወደቡ ላይ ዓሣ አጥማጆች ማታ የጣሉትን መረብ አውጥተው ቆሮሶውንና አምባዛውን ከክሩ ሲያላቅቁ፣ አባ ኮዳዎች አጠገባቸው ቆመው የሚጣለውን አንጀት ሲጠብቁ ታያላችሁ። ሞተር ጀልባ የሚያከራየውን ሰው እዚያው ታገኙታላችሁ፤ ዋጋ የሚቆረጠውም በቡድን ስለሆነ ስድስት ስምንት ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ባለጀልባው ባዶውን ወደ ባቱ እንደሚመለስ አትርሱ፤ የመመለሻውን ቤንዚን መክፈል ግዴታችሁ ነው፤ አከራክሮ ማስቀረትም ነውር ነው። ሒሳቡን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ ቀሪውን ገንዘብ ማዶ ስትወርዱ እንደምትሰጡ ተስማሙ። በዚያኛው ዳር የሚቀበላችሁ መኪና ከዋዜማው በስልክ ይነገረው፤ ከደሴት የወጣ ሰው ሲመሽበት ታክሲ አያገኝም።

ሐምሌንና ነሐሴን ተዉት፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን ጀልባውን ቀደም ብሎ ማነጋገር ያስፈልጋል። ገዳም ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ፣ ነጠላ ያዙ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ሐይቁ ጉማሬ አለበት፤ ቢልሃርዚያም ስላለ ሙቀቱ ቢያጓጓችሁም አትዋኙ።

ለሁሉም ሰው የሚበቃ ላይፍ ጃኬት በሌለው ጀልባ ግን፣ ካፒቴኑ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ አትሳፈሩ።