የከበባው ሴቶች በድምፅ

ዘጋቢ የድምፅ ጥበብ የሬዲዮ ዜናም አይደለም፣ የሬዲዮ ድራማም አይደለም። የእውነተኛ ሰዎችን ምስክርነት ከጎዳና ድምፅ፣ ከሙዚቃና ከዝምታ ጋር ቆርጦ ገጣጥሞ አንድ ወጥ ሥራ ያደርገዋል። ሴቶች በጦርነት የሚያልፉበትን ሕይወት ለማቆየት ከመጽሐፍም ከፎቶግራፍም ይልቅ ይህ ጥበብ ይመቻል ባይ ነኝ። ለዚህ የሶቪየት ኅብረቷን ከተማ ሌኒንግራድን እጠቅሳለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 1944፣ ለ872 ቀናት የተከበበችው ከተማ፣ ወንዶቿ ግንባር በመዝመታቸው በአብዛኛው የሴቶች ከተማ ሆና ነበር።

የዚህ ከበባ ዋናው ሥራ የሚሠራው ቤት ውስጥና ለቤት ነበር። ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 1941 የፋብሪካ ሠራተኛ በቀን 250 ግራም ዳቦ ሲታደለው፣ መንግሥት በጥገኝነት የመዘገባት የቤት እመቤት ግን እንደ ልጆቿ 125 ግራም ብቻ ነበር የሚደርሳት። ያቺው «ጥገኛ» በውርጭ ዳቦ ለመቀበል ትሰለፋለች፣ ከኔቫ ወንዝ በረዶ ሰብራ ውኃ ትቀዳለች፣ ሬሳ በልጆች መንሸራተቻ ትጎትታለች። የጦር ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል፤ አንባቢም ቁጥሩን በአንድ ትንፋሽ አንብቦ ይሄዳል። ሴቶቹ የኖሩት ግን ጊዜውን ነው፣ ማለቂያ የሌለው መጠበቁን። ጊዜን ሳያሳጥር የሚያቀርብ ድምፅ ነው፣ አድማጭ ሊዘለው አይችልምና። ለምሳሌ በሌኒንግራድ በየቤቱ በሽቦ የተያያዘ፣ ሳህን የመሰለ ጥቁር የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ነበር። ስርጭት በሌለ ሰዓት ሙዚቀኞች ምት የሚጠብቁበት ሜትሮኖም ይሰማበታል፤ በዝግታ ሲመታ ሰላም ነው፣ ሲፋጠን አውሮፕላን መጥቷል ማለት ነው። ይህን በጽሑፍ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ሰው ተቀምጦ ለሁለት ደቂቃ ሲያዳምጠው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

በ1945 ገጣሚዋ ኦልጋ በርግጎልትስና የሬዲዮ ባልደረቦቿ በከበባው ጊዜ የተቀዱ ዘገባዎችንና ሙዚቃን አቀናብረው «900 ቀናት» የተባለ የሬዲዮ ፊልም ሠሩ። እዚህ ላይ ተጠራጣሪው ይነሣል፤ ሬዲዮው የመንግሥት ነው፣ ሳንሱር አለበት፣ ታዲያ ምን ዓይነት ምስክርነት ነው? ጥያቄው ከባድ ነው። በርግጎልትስ ራሷ በ1938 ታስራ የተፈታችው በ1939 ነው፤ ባሏ በጃንዋሪ 1942 በረሃብ ሞቶባታል፤ በዚያው ዓመት ሞስኮ ስትሄድ ስለ ረሃቡ በሬዲዮ እንዳትናገር ተከልክላለች። እንግዲህ ሙሉ እውነት ከዚያ ሬዲዮ አይጠበቅም። መልሱ ግን ድምፁን መጣል ሳይሆን ሌላ ድምፅ መጨመር ነው። በ1970ዎቹ ጸሐፊዎቹ አሌስ አዳሞቪችና ዳኒል ግራኒን ቴፕ ይዘው ወደ 200 የሚጠጉ ከከበባው የተረፉ ሰዎችን ቀዱ፤ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። በ1945 ያልተነገረው የቤት ውስጥ ረሃብ እዚያ ተነገረ። ከዚያ የተዘጋጀው «የከበባው መጽሐፍ» ከ1977 ጀምሮ በሞስኮ ሲታተም ሳንሱር ነክቶታል፤ በሌኒንግራድ የታተመው በ1984 ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥበቡን ራሱን ይመለከታል። በ2009 የፊልም ዳይሬክተሩ አሌክሳንደር ሶኩሮቭ የከተማዋን ነዋሪዎች ሬዲዮ ስቱዲዮ አስገብቶ መጽሐፉን ሲያነቡ ቀረጻቸው። የአንዲት እናት ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ማስመሰል አይሆንም ወይ? በእኛ አገር ለቅሶ ላይ አልቃሿ የሌላውን ሐዘን በራሷ ድምፅ ታወርዳለች፤ ሐሰተኛ የሚላት የለም፣ ምክንያቱም የማን ሐዘን እንደሆነ ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንባቢ አንባቢነቱ እስከታወቀ ድረስ ማታለል የለም፤ ለከተማዋ ልጆች ደግሞ የአያቶቻቸውን ቃል በራሳቸው አንደበት ማውጣት ከማዳመጥ የጠለቀ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አንዳንድ አዘጋጆች ከምስክርነቱ ሥር የሚያነጥፉት አስለቃሽ ሙዚቃ። ሴትየዋ ዳቦውን እንዴት እንደከፈለች በተረጋጋ ድምፅ እየተናገረች ቫዮሊን ከጀርባ ካለቀሰላት፣ ራሷ የመረጠችውን መረጋጋት ነጠቋት ማለት ነው። አዘጋጅ የመቁረጥ፣ የማቀናበር፣ አንባቢ የመተካት መብት አለው፤ በእሷ ፋንታ የማልቀስ ግን የለውም። ዋናውን ቅጂም ሳይቆረጥ ለቤተ መዛግብት ማስረከብ አለበት፤ ነገ ሌላ አዘጋጅ ሌላ ነገር ሊሰማበት ይችላል።