ከመስመር ተጫዋችነት ወደ ዋና አሰልጣኝነት፦ የአርት ሼል ጉዞ በሎስ አንጀለስ

እሁድ ጠዋት ፌርፋክስ ላይ፣ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ወደ አንዱ ብትገቡ ቴሌቪዥኑ ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አለ። ጨዋታው ሲያልቅ ቻናሉ ወደ አሜሪካ ፉትቦል ይቀየራል። ያኔ ግማሹ ሰው ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ወደ ቡናው ይመለሳል። «ኳሱን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ለምን ፉትቦል ይሉታል?» የሚል አንድ ሰው ደግሞ አይጠፋም። እኔም ኮሌጅ እስክገባ ድረስ ጀርባቸውን ከሚሰጡት ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በዚህችው ከተማ ታሪክ የሠራ አንድ ሰው ነው፤ አርት ሼል ይባላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ትንሽ። ኳሱን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት። ከቻለ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሰጣል። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ነው፤ ዝናውም ገንዘቡም በብዛት የእሱ ነው። ከፊቱ ግን 5 ግዙፍ ሰዎች ይሰለፋሉ። እነዚህ የመስመር ተጫዋቾች ጎል አያገቡም፤ ኳስ ተቀብለውም አይሮጡም። ሥራቸው ተጋጣሚውን ገፍቶ መንገድ መክፈትና ኳርተርባኩን ከመመታት ማዳን ነው። ስማቸው የሚነሳው ሲሳሳቱ ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

አርት ሼል ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1946 በሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ተወለደ። የተማረው የጥቁሮች ኮሌጅ በነበረው ሜሪላንድ ስቴት ነው። በ1968 ኦክላንድ ሬይደርስ በ3ኛው ዙር መረጠውና በመስመሩ ግራ ጠርዝ ላይ መጫወት ጀመረ። ከጎኑ ጂን አፕሾ ነበር፤ በኋላ የተጫዋቾች ማኅበር መሪ የሆነው ማለት ነው። የቡድኑ ኳርተርባክ ኬን ስቴብለር ግራኝ ስለነበር ሬይደርሶች ጨዋታቸውን በግራ በኩል፣ በሼልና በአፕሾ ጀርባ ማካሄድ ይወዱ ነበር።

ጥር 1977 ከዚህ ብዙም በማይርቀው ፓሳዲና በሚገኘው ሮዝ ቦውል ስታዲየም ሬይደርስ ሚኒሶታ ቫይኪንግስን 32 ለ 14 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። በዚያ ቀን ቡድኑ በሩጫ ብቻ 266 ያርድ ሄደ። ከሼል ፊት ለፊት የቆመው ጂም ማርሻል በዘመኑ ከሚፈሩት ተከላካዮች አንዱ ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን በስሙ አንድም ታክል አልተመዘገበም። የመስመር ተጫዋች ገድል ይህን ይመስላል፤ ማስረጃው የሌላው ሰው ባዶ መዝገብ ነው።

ሼል 207 ጨዋታ ተጫውቶ በ1982 አበቃ። ያ ዓመት ሬይደርስ ከኦክላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣበት ነው። እሱም እዚሁ ቀርቶ የመስመር ተጫዋቾች አሰልጣኝ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ለእኛ የሚያስገርም ነገር የለም። በአገራችን ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት መሄድ የተለመደ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊሱ ተጫዋች አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን የወሰደውን ቡድን አሰልጥነዋል። በዚያ ፍጻሜ ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁም በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። አሜሪካ ውስጥ ግን ለጥቁር ተጫዋች ይህ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ይዘጋ ነበር። ምክትል ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ዋና አሰልጣኝ ግን አይሆንም።

ሁልጊዜም እንዲህ አልነበረም። ፍሪትዝ ፖላርድ የሚባል ጥቁር ተጫዋች በ1921 አክረን ፕሮስን እየተጫወተ ያሰለጥን ነበር። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ከ1934 እስከ 1945 በሊጉ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ የተጻፈ ሕግ የለም፣ ግን ማንም አያስፈርምም። ያ ዝምታ የተሰበረው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። በ1946 ራምስ የተባለው ቡድን ከክሊቭላንድ ሲመጣ መጫወት የፈለገው ኮሊሲየም ውስጥ ነበር። ኮሊሲየም ደግሞ የሕዝብ ንብረት ነው። የከተማዋ ጥቁር ጋዜጠኞች «ከእኛም ግብር የተሠራ ስታዲየም ለነጮች ብቻ እንዴት ይሆናል?» ብለው ተከራከሩ። ራምስም የዩሲኤልኤ ኮከብ የነበረውን ኬኒ ዋሽንግተንን፣ ቀጥሎም ዉዲ ስትሮድን አስፈረመ። ኮሊሲየም በእኛ ዘንድ የሚታወሰው በ1984ቱ ኦሎምፒክ፣ ያውም አትሌቶቻችን በፖለቲካ ምክንያት በቀሩበት ኦሎምፒክ ነው። ይህ ታሪኩ ግን ለእኔ አዲስ ነበር።

ሜዳው ከተከፈተ በኋላም የአሰልጣኙ ቦታ ዝግ ሆኖ ቆየ፤ ከተጫዋቾቹ ከግማሽ በላይ ጥቁሮች በሆኑበት ጊዜ እንኳ። በጥቅምት 1989 ሬይደርስ ከ4 ጨዋታ 3ቱን ተሸነፈ። የቡድኑ ባለቤት አል ዴቪስ አሰልጣኙን ማይክ ሻናሃንን አሰናብቶ ሼልን ሾመ። ከፖላርድ ወዲህ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ መሆኑ ነው። ሼል በዚያ ቀን የሹመቱን ታሪካዊነት እንደሚረዳና እንደሚኮራበት፣ ነገር ግን እሱ የሬይደርስ ሰውም እንደሆነ ተናገረ። የመጀመሪያ ጨዋታውን ሰኞ ማታ ኒው ጀርሲ ላይ ጄትስን 14 ለ 7 አሸነፈ።

በ1990 ቡድኑ 12 አሸንፎ 4 ተሸነፈና ሼል የኤኤፍሲ የዓመቱ አሰልጣኝ ተባለ። ጥር 1991 ኮሊሲየም ውስጥ ሲንሲናቲን 20 ለ 10 ሲረቱ ግን ኮከባቸው ቦ ጃክሰን ዳሌው ላይ ተጎዳ፤ ፉትቦልን ዳግመኛ አልተጫወተም። በሳምንቱ ቡፋሎ ሄደው 51 ለ 3 ተሸነፉ። እንዲህ ያለ ሽንፈት አሰልጣኝን እንቅልፍ ይነሳል።

ሼል እስከ 1994 ድረስ በአጠቃላይ 54 ጨዋታ አሸንፎ 38 ተሸነፈ፤ ቡድኑንም 3 ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፍ አደረሰ። ከዚያ ተሰናበተ። በዓመቱ ቡድኑም ወደ ኦክላንድ ተመለሰ። ዴቪስ ሼልን ማሰናበቱ ስህተት እንደነበር በኋላ አምኗል። እኔን ያስገረመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ይህን የመሰለ ውጤት ያለው ሰው ካንሳስ ሲቲና አትላንታ በምክትልነት ሲሠራ፣ ለ11 ዓመት ማንም ዋና አሰልጣኝ አላደረገውም።

በ2002 ጠበቆቹ ጆኒ ካክረንና ሳይረስ ሜህሪ ይህንኑ በቁጥር አሳዩ። ጥቁር አሰልጣኞች የተሻለ እያሸነፉም የሚቀጠሩት መጨረሻ፣ የሚባረሩት መጀመሪያ ነው የሚል ጥናት አወጡ። ከዚህ በኋላ ሊጉ «የሩኒ ደንብ» የሚባለውን አጸደቀ። ደንቡ ሲጸድቅ ዋና አሰልጣኝ የሚፈልግ ቡድን ቢያንስ አንድ ከአናሳ ብሔረሰብ የሆነ አመልካች ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግ ያስገድድ ነበር። ቅጥሩን ግን አያስገድድም፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላበቃም።

ዴቪስ በ2006 ሼልን መልሶ ጠራው። ጊዜው አልፎ ነበር፤ ቡድኑ 2 አሸንፎ 14 ተሸነፈና ሼል በአንድ ዓመት ውስጥ ተሰናበተ። በዚያው የውድድር ዘመን ፍጻሜ፣ የካቲት 2007፣ ለሱፐር ቦውል የቀረቡት የሁለቱም ቡድኖች አሰልጣኞች ጥቁሮች ነበሩ፤ ቶኒ ደንጂና ላቪ ስሚዝ። ደንጂ አሸነፈ።