አሮጌው ሞባይል ለምን ከሣጥን አይወጣም?

እንደሚታወቀው ሞባይል ሲበላሽ እንደ ተሰበረ ገንቦ የትም አይጣልም። ውስጡ መዳብ፣ ብርና ጥቂት ወርቅ አለበት። ባትሪው ደግሞ ከተበሳ ወይም እሳት ከነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ታዲያ ተማሪው ለምን ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል?

አንደኛው ምክንያት ተስፋ ነው። «አንድ ቀን ይሠራል» እንላለን፤ ወይም ዝቋላና ደሃና ላለ ታናሽ ወንድም እናስበዋለን። የሚሠራ ከሆነ ይህ መልካም ነው። ካልሠራ ግን ተስፋው ዓመታት ይቆጥራል።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ ይኸውም ፎቶውና መልእክቱ በሰው እጅ እንዳይገባ።

ሦስተኛውና ዋናው የማስረከቢያ ቦታ መራቅ ነው። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2008 በ13 አገሮች 6,500 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። አሮጌ ስልኩን ለዳግም ጥቅም የሰጠው ከመቶ 3 ብቻ ሲሆን፣ ከመቶ 44ቱ እቤት አስቀምጠውታል። በአገራችን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። ደንብ ግን ብቻውን ስልክ ከሣጥን አያወጣም፤ አዲስ አበባ ከሰቆጣ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል እኮ!

ስለዚህ «ጎጂ ነው» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም፤ መስጠቱ መቅለል አለበት። በግቢያችን አንድ ማጠራቀሚያ ይቀመጥ። ሰጪው አስቀድሞ ሲም ካርዱን ያውጣ፣ ፎቶውን ያጥፋ። ሞባይል ጠጋኙ ለመለዋወጫ የሚሆነውን ይምረጥ፤ የቀረው ተጠራቅሞ በአንድ ጭነት ይላክ። ያበጠ ባትሪ ግን ለብቻው ከእሳትና ከፀሐይ ይራቅ።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ገጠር ስንመደብ፣ ሕፃናት ባትሪ በድንጋይ ሲቀጠቅጡ እናገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ «ተዉ!» ከማለት ባሻገር «እዚህ አስቀምጡ» የምንልበት ቦታ ይኑረን።