የሟሟ ሁሉ አዮን አይሆንም

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 2010 ለንደን ላይ የጣለው በረዶ ሂትሮው አየር ማረፊያን ዘጋው። ለገና ወደ ቤተሰቦቻቸው ሊበሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች መሄጃ አጡ፤ ብዙዎቹም ተርሚናል ውስጥ ወለል ላይ አደሩ። የብርድ አገር አየር ማረፊያዎች እንዲህ ያለውን ቀን ለመከላከል በኬሚካል ይታገዛሉ። በአውሮፕላኑ ክንፍ ላይ ግላይኮል ይረጫል፤ ማኮብኮቢያው ላይ ደግሞ እንደ ፖታሲየም አሴቴት ያሉ ጨዎች ይፈስሳሉ። ሁለቱም ውኃ ውስጥ ይሟሟሉ፣ ሁለቱም ውኃው በቀላሉ በረዶ እንዳይሆን ያደርጋሉ። ከሟሙ በኋላ የሚሆኑት ግን ለየቅል ነው፦ ግላይኮል ሙሉ ሞለኪውል እንደሆነ ይቀራል፣ ፖታሲየም አሴቴት ደግሞ ወደ አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ቅንጣቶች፣ ይለያያል።

ጨዎች አዮን የሚሆኑት ውኃ ሲነካቸው አይደለም። የገበታ ጨው ደረቅ እያለም የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች ድርድር ነው። የውኃ ሞለኪውል በኦክስጅኑ በኩል በጥቂቱ አሉታዊ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል በጥቂቱ አዎንታዊ ነው። ስለዚህ ሶዲየሙን በኦክስጅን ጎኑ፣ ክሎራይዱን በሃይድሮጅን ጎኑ ከብቦ ከድርድሩ ይነቅላቸዋል። አዮኖቹ እርስ በርስ ያላቸው ትስስር ሲያይል ግን ውኃ አይችላቸውም፤ የጠመኔ አለት ዋና ክፍል የሆነው ካልሲየም ካርቦኔት በንጹሕ ውኃ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው።

አሲዶች ሌላ መንገድ አላቸው። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሳለ ሞለኪውል ነው፤ አዮን የሚሆነው ውኃ ሃይድሮጅኑን ሲወስድበት ነው፤ ያን ጊዜም ሁሉም ለማለት ይቻላል ይለያያል። የአቼቶው አሴቲክ አሲድ ግን ደካማ ነው፤ በሊትር 0.1 ሞል (ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) በያዘ ሙሙት ውስጥ ከ100 ሞለኪውሎቹ የሚለያየው አንድ ያህሉ ብቻ ነው። አሞኒያ በተቃራኒው ከውኃ ላይ ሃይድሮጅን አዮን ይወስዳል፤ እሱም በጥቂቱ ነው። ስኳር፣ አልኮል፣ ዩሪያና ግላይኮል ደግሞ ይሟሟሉ እንጂ አይለያዩም፤ ኤሌክትሪክም አያስተላልፉም።

የአዮንን ስም ለሳይንስ የሰጠው ማይክል ፋራዴይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1834፣ እዚያው ለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ሲሠራ። በእሱ ዘመን ሞለኪውልን የሚለያየው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ስዊድናዊው ስቫንቴ አረኒየስ በ1884 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የጀመረውን ሐሳብ በ1887 አጠናቅቆ፣ ኤሌክትሪክ ባይኖርም መሟሟቱ ብቻ እንደሚለያያቸው ተከራከረ። ለዶክትሬቱ ዝቅተኛ ውጤት ነበር የተሰጠው፤ በ1903 ግን የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ከማስረጃዎቹ አንዱ ዛሬ ማኮብኮቢያ ላይ የሚሠራው ሕግ ነው። በ1 ኪሎ ግራም ውኃ ውስጥ 1 ሞል ቅንጣት ሲገባ ውኃው በረዶ የሚሆንበት ሙቀት በ1.86 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይወርዳል። ወሳኙ የቅንጣቶቹ ብዛት ነው። አንድ ሞል ግላይኮል አንድ ሞል ቅንጣት ይሆናል፤ አንድ ሞል ፖታሲየም አሴቴት ግን ሁለት ሞል አዮን ስለሚሰጥ ውጤቱ እጥፍ ይጠጋል።

ታዲያ ርካሹ የገበታ ጨው ለምን አይደፋም? ክሎራይድ አዮን የአውሮፕላኑን አሉሚኒየም ስለሚበላ ነው። አሴቴትም ያለ ጣጣ አይደለም፤ ፖታሲየም የካርቦን ፍሬኖችን መቃጠል ያፋጥናል። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ደግሞ ግላይኮልንም አሴቴትንም ባክቴሪያዎች ሲበሉ የወንዝ ኦክስጅን ይሟጠጣል። ሂትሮው በደቡብ በኩል ሜይፊልድ ፋርም ላይ ፍሳሹን የሚያጣሩ የሸምበቆ ረግረጎች የተከላቸው ለዚህ ነው።

በአካባቢው የሚኖር ሐበሻም ይኸንኑ ኬሚስትሪ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያየዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ የዝናብ ውኃ በመሬት ውስጥ ያለውን ጠመኔ ወደ ካልሲየምና ባይካርቦኔት አዮኖች እየለወጠ ይዞት ይመጣል። ውኃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፣ ካልሲየም ካርቦኔት ተመልሶ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። አቼቶ ሲጨመርበት ይፍለቀለቅና ይለቃል፤ ከካልሲየሙ ጋር በውኃው የሚቀረውም ማኮብኮቢያው ላይ የሚፈሰው ያው አሴቴት ነው።

በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ነገሩ ይገለበጣል፤ የብዙዎች ጤናም የተያያዘው ከዚህ ጋር ነው። የእሳተ ገሞራው አለት ለጉድጓድ ውኃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይሰጠዋል፤ ካልሲየሙ ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል። ፍሎራይድን ይዞ ሊዘቅጥ የሚችለው ካልሲየም ሲጎድል ፍሎራይዱ በነጻነት ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በወንጂና በሌሎች የሸለቆው ቦታዎች ከዚያ እጅግ የበለጠ ተገኝቶ ጥርስን ሲያበልዝ፣ አጥንትን ሲጎዳ ኖሯል። የለንደኑን ካልሲየም ማፍላት ያወጣዋል፤ ፍሎራይድን ግን አያወጣውም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረውን ያጠነክረዋል። አፍልቶ መጠጣት ከተሕዋስያን ያድናል፤ ለፍሎራይድ ግን አዮኑን የሚይዝ ማጣሪያ፣ ለምሳሌ የተቃጠለ የአጥንት ከሰል፣ ወይም ሌላ የውኃ ምንጭ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት የሸለቆው እናቶች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።