ወደ አርዲቦ ሐይቅ የሚጓዝ እንግዳ ማረፊያውን በምን መስፈርት ይምረጥ?

አርዲቦ ሐይቅ በደቡብ ወሎ ዞን ከሐይቅ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተራሮች ታቅፎ ይገኛል። ወደዚህ አካባቢ ለመስክ ሥራ፣ ለስብሰባ ወይም ለዕረፍት የሚጓዝ የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ ኃላፊ ሐይቁን ቀን ጎብኝቶ ሌሊቱን የት እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። የሐይቁ ዙሪያ ገጠር በመሆኑ ገበያ፣ ቡና ቤትና የምሽት እንቅስቃሴ የሚፈልግ እንግዳ ፊቱን ወደ ደሴ ማዞሩ የተለመደ ነው።

ደሴ ከአዲስ አበባ በ401 ኪሎ ሜትር፣ ከሐይቅ ከተማ ደግሞ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። አልጋ መያዝ ብዙውን ጊዜ የግል ምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ እንግዳው በማግሥቱ የሚሠራው ሥራ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው ገንዘብና የሚጎበኘው ሐይቅ ንጽሕና ሳይቀር ከዚህ ውሳኔ ጋር የተያያዙ ናቸው። በመሆኑም ምርጫው ከሕንጻው ገጽታ ባሻገር ያሉ ጉዳዮችን መመዘን ይጠይቃል።

ቡቲክ ሆቴል ሲባል

ቡቲክ ሆቴል የሚባለው ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ፣ የራሱ የሆነ መልክና ታሪክ ያለው፣ አስተናጋጆቹ እንግዳውን በስሙ ሊያውቁት የሚችሉበት ማረፊያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የክፍሎቹ ቁጥር ከ100 አይበልጥም፤ ብዙዎቹም ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በለንደን የተከፈተው ብሌክስ ሆቴል ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ከቀደምት ምሳሌዎች የሚጠቀስ ሲሆን፣ ስያሜው ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 በኒው ዮርክ ሞርጋንስ የተሰኘው ሆቴል ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። በሞሮኮ ማራካሽ የጥንት ቤቶች፣ በዛንዚባር የድንጋይ ከተማ የነጋዴ መኖሪያዎች በዚሁ መንገድ ወደ እንግዳ ማረፊያነት ተለውጠዋል።

አሠራሩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሐረር ጁገል ውስጥ «ጌ ጋር» የሚባሉት ባህላዊ ቤቶች ለእንግዳ ማረፊያነት ሲውሉ ቆይተዋል። በእነዚህ ቤቶች እንግዳው በተለያየ ከፍታ በተሠሩት መደቦች ላይ ይቀመጣል፤ ግድግዳውን የሸፈኑትን ስፌቶች ያያል፤ ከደጃፉ ሲወጣም በቀጥታ ከሠፈሩ ሕይወት ጋር ይቀላቀላል። በአዲስ አበባ ፒያሳ በእቴጌ ጣይቱ የተቋቋመው ሆቴልም ከክፍሎቹ ምቾት ይልቅ በታሪኩና በሠፈሩ ሲፈለግ የኖረ ማረፊያ ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች መረዳት የሚቻለው የአንድ አነስተኛ ሆቴል ዋነኛ ሀብት ያለበት ሠፈር መሆኑን ነው። በሌላ ከተማ ቢተከልም መልኩ የማይለወጥ ቤት፣ መብራቱና መስተዋቱ ቢያንጸባርቅም፣ ስያሜው አይገባውም።

የጉዞው ዓላማ ከተማውን ይወስናል

አርዲቦን ለማየት የሚመጣ ሰው በሦስት ከተሞች ማደር ይችላል። ሦስቱም በአየር ንብረትም ሆነ በጠባይ ይለያያሉ። ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋች ብርዳማ ከተማ ናት። ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኘው ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃታማ ስትሆን፣ አውሮፕላን ማረፊያና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሐይቅ ደግሞ አነስተኛ ናት፤ ለሁለቱም ሐይቆች ከሦስቱ ይበልጥ የምትቀርበው ግን እርሷ ናት።

ማልዶ በሐይቁ ዳርቻ መገኘት ያለበት የውሃ፣ የዓሣ ወይም የግብርና ባለሙያ ሐይቅ ከተማ ቢያድር ጊዜና ነዳጅ ይቆጥባል። በአውሮፕላን መጥቶ በማግሥቱ የሚመለስ ወይም ከፋብሪካዎች ጋር ጉዳይ ያለው ኮምቦልቻን ቢመርጥ ይቀናዋል። ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚሠራና ከሥራ ሰዓት በኋላ ከተማ ማየት የሚሻ እንግዳ ግን ደሴን ቢመርጥ ይጠቀማል። ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ በመሆኑም በደሴ የሙቅ ውሃና የወፍራም ብርድ ልብስ ጉዳይ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም።

የደመቀ ሠፈር ጥቅምና ዋጋ

በደሴ ፒያሳና አራዳ አካባቢ የሚያርፍ እንግዳ ሱቆችን፣ ባንኮችንና ምግብ ቤቶችን በእግሩ ያገኛል። አመሻሹ ላይ ባጃጅ ሳይፈልግ ወጥቶ ይመለሳል። የንጉሥ ሚካኤል መታሰቢያ የሆነው አይጠየፍ አዳራሽም በዚሁ ከተማ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሠፈር እንግዳውን ከከተማው ሕዝብ ጋር የሚያገናኝ በመሆኑ በከተማ ዳር ከሚገኝ የታጠረ ግቢ የተለየ ጥቅም አለው።

ይሁን እንጂ ድምቀት ዋጋ አለው። ቀን ጸጥ ብሎ የታየ ጎዳና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሙዚቃ ድምፅ የሚናኝበት ሊሆን ይችላል። ከአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ቤት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በጡሩምባ ይቀሰቅሳል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን በሚገኙባት የወሎ ከተማ የንጋት ቅዳሴና አዛን የሠፈሩ ሕይወት አካል በመሆናቸው፣ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ይህንኑ አስቀድሞ አውቆ ክፍሉን ቢመርጥ ይበጀዋል። ከሁሉ የሚሻለው ብልሃት ሆቴሉን በደመቀው ሠፈር፣ ክፍሉን ግን ከጎዳናው በተቃራኒ በግቢው በኩል መያዝ ነው። ከተቻለም ክፍያ ከመፈጸም በፊት ሠፈሩን በምሽት ማየት ይመከራል።

የበዓላትን ወቅት ማገናዘብም ያስፈልጋል። መስከረም 21 ቀን በአምባሰል ወረዳ በግሸን ደብረ ከርቤ በሚከበረው በዓል የሚታደሙ ምዕመናን በደሴና በሐይቅ መስመር ስለሚያልፉ አልጋ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። በደቡብ ወሎ ጀማ ንጉሥ በሚከበረው መውሊድም እንዲሁ በርካታ እንግዶች ወደ ዞኑ ይገባሉ። በእነዚህ ቀናት ስብሰባ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ቀደም ብሎ አልጋ ካልያዘ ሠራተኞቹ በየሥፍራው ተበታትነው ለማደር ይገደዳሉ።

ውበቱ ከአካባቢው ሲቀዳ

«የእግዜር እንግዳ» ተብሎ የመሸበትን መንገደኛ ማሳደር በወሎም ሆነ በሌሎች የሀገሪቱ ክፍሎች የቆየ ባህል ነው። አይጠየፍ አዳራሽ ስሙን ያገኘው ሰው ሳይለይ፣ ሳይናናቅ በአንድነት ማዕድ ይቀርብበት ስለነበር ነው። ከዚህ የተሻለ የመስተንግዶ መርሕ ሌላ ቦታ መፈለግ አያሻም።

በመሆኑም የአንድን አነስተኛ ሆቴል ውበት ለመመዘን የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ግንቡ በአካባቢው ድንጋይ የተሠራ፣ ምንጣፉና ስፌቱ በአካባቢው ባለሙያዎች እጅ የተሸመነና የተሰፋ፣ ቡናው እስከ በረካ በወጉ የሚቀርብበት፣ ማዕዱ የሐይቅን ዓሣ የማይዘነጋ ቤት የወሎ ቤት ነው ሊባል ይችላል። ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ሦስቱ፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል፣ ከዚሁ ምድር ጋር የተቆራኙ እንደመሆናቸው በመጠነኛ ድምፅ የሚቀርብ ማሲንቆ ከሚያደነቁር የድምፅ ማጉያ ይልቅ ለቤቱ ክብር ይሰጣል። እንዲህ ያለው ቤት ለጌጥ የሚያወጣው ገንዘብም ለሸማኔው፣ ለሰፌድ ሠሪዋና ለዓሣ አስጋሪው ይደርሳል።

ከእንግዳ መቀበያው በስተጀርባ

የአንድ ማረፊያ እውነተኛ ጥራት የሚለየው በማይታዩት ክፍሎቹ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ከተሞች ሆቴሉ በቂ የውሃ ታንከር እንዳለው፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተሩ የመኝታ ክፍሎችን ጭምር እንደሚያገለግል መጠየቅ ተገቢ ነው። ጄኔሬተሩ የተተከለበትን ቦታ ማየትም አይከፋም፤ ከመስኮት ሥር ከሆነ መብራቱ ቢኖርም እንቅልፍ አይኖርም።

የእሳት አደጋ ጉዳይ ከሁሉም ይቀድማል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ በዕድሜ የገፉና እንጨት የበዛባቸው ሕንጻዎች ለአደጋ ምን ያህል የተጋለጡ እንደሆኑ አሳይቷል። ታሪካዊ ቤት የሚመርጥ እንግዳ ሁለተኛ መውጫ መኖሩን፣ ደረጃው በዕቃ አለመዘጋቱንና ማጥፊያው የት እንደተሰቀለ ማየት ይኖርበታል።

የቀድሞው የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር በመተባበር በ2007 ዓ.ም. የሆቴሎችን የኮከብ ደረጃ ምደባ ማካሄዱ ይታወሳል። ኮከቡ ስለ ሆቴሉ አገልግሎትና መሣሪያ ጠቃሚ መረጃ ይሰጣል፤ ሠፈሩ በሌሊት ምን እንደሚመስል ግን አይናገርም። በሌላ በኩል ኮከብ የሌለው አነስተኛ ቤት ንጹሕና ምቹ ሊሆን ይችላል።

ዋጋ ሲጠየቅ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የአገልግሎት ክፍያና ቁርስ መካተታቸውን መለየት፣ ሕጋዊ ደረሰኝ መኖሩንም ማረጋገጥ ያሻል። በውሎ አበል የሚጓዝ ሠራተኛ ይህን ሳያጣራ ካደረ ልዩነቱን ከኪሱ ይሸፍናል። ከዚህም ሌላ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ዘረፋና ውድመት የደረሰባቸው ከተሞች በመሆናቸው፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ መረጃን ይዞ መጓዝ ሊያሳስት ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት የመንገድ እንቅስቃሴን ያስተጓጎለባቸው ጊዜያት ስላሉም ከመነሳት በፊት የመስመሩን ሁኔታ ማጣራት የግድ ነው።

የማረፊያው ፍሳሽና የሐይቆቹ ውሃ

የማረፊያ ምርጫ ከአርዲቦ ደህንነት ጋር የሚገናኘው በውሃው አፈሳሰስ ምክንያት ነው። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን ውሃው በአንካርካ ወንዝ አማካኝነት ወደ ሐይቅ ይወርዳል። 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘውና የእስጢፋኖስ ገዳምን ያቀፈው ሐይቅ ደግሞ በገጽ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ስለዚህ በላይኛው ሐይቅ ዳርቻ የተለቀቀ ፍሳሽ ወደ ታችኛው ሊወርድ፣ በዚያም ሊከማች ይችላል። ወራጅ ወንዝ እንደሚያደርገው ጠርጎ የሚወስደው የለም።

ሐይቅ ሲጎዳ ምን እንደሚከተል ሀገሪቱ አይታለች። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ ከመጠን ያለፈ የውሃ አጠቃቀምና ደለል ተደማምረውበት በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ነበር፤ ውሃው መመለስ የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። በጣና ሐይቅም የእምቦጭ አረም መስፋፋት ዓሣ አስጋሪውንና ገበሬውን ለከፍተኛ ድካም ዳርጓል።

ከዚህ አንጻር ቀን አርዲቦን ጎብኝቶ ማታ ወደ ከተማ የሚመለስ እንግዳ በሐይቁ ላይ የሚጥለው ጫና አነስተኛ ነው። ችግሩ ግን እንግዳው በከተማ ሲያድር ገንዘቡም በከተማ መቅረቱ ነው። ይህንን ለማመጣጠን ጎብኚው የአካባቢውን ወጣት በአስጎብኚነት ቢይዝ፣ ምሳውን በሐይቅ ከተማ ቢመገብ፣ ዓሣውንና ፍራፍሬውን ከአምራቹ ቢገዛ ዳርቻው ሳይጎዳ ነዋሪው ይጠቀማል። በሐይቅ ከተማ ለሚያድረውም የሆቴሉ ፍሳሽ በታሸገ ጉድጓድ ተጠራቅሞ በመምጠጫ መኪና መነሳት አለመነሳቱን መጠየቅ አያሳፍርም።

የኃላፊዎች ድርሻ

ሥልጠናና ስብሰባ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጊዜ በርካታ አልጋ የሚይዙ በመሆናቸው በሆቴል ባለቤቶች ዘንድ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ከፍተኛ ነው። በዋጋ ማወዳደሪያ ሰነዳቸው ላይ የፍሳሽ አያያዝን፣ የእሳት አደጋ መከላከያንና የአካባቢ ምርት አጠቃቀምን ቢያካትቱ ባለሀብቱ ለእነዚህ ጉዳዮች ገንዘብ ለማውጣት ምክንያት ያገኛል። ትንንሽ ቤቶች ሰፊ አዳራሽ ስለማይኖራቸው ስብሰባውን በአንድ ቦታ፣ ማደሪያውን ደግሞ በአቅራቢያው በሚገኙ አነስተኛ ሆቴሎች ማድረግም የሚቻል አሠራር ነው።

በሐይቅ ዳርቻ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ የሚቀርብላቸው ኃላፊዎች ኃላፊነታቸው ከዚህም ይከብዳል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና፣ ፍሳሽም በዘፈቀደ እንዳይለቀቅ መሠረት የጣሉ ሕጎች ናቸው። ለአርዲቦ የሚቀርብ የማረፊያ ዕቅድ ስንት ክፍል እንደሚኖረው ከመጠየቁ አስቀድሞ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠየቅ ወደ ሐይቅ የሚወርደው ውሃም ይጠበቃል።