የታችኛው መስመር

በወሎ፣ በመርሳም ሆነ በወልድያ፣ ሰው ሲሞት ቅሬው (ዕድሩ) ሳይሰበሰብ ቃሉ ይመረጣል። ሙስሊሙ «አኼራ ሄደ» ይላል። ለካህንና ለአዛውንት «ዐረፉ» ይባላል፤ ለወጣት «ተቀጨ»፤ ብዙ ሰው ከሆነ «አለቀ፣ ረገፈ»። ቃላቱ የሟቹን ዕድሜ፣ እምነትና ክብር ይነግሩናል፤ ምን እንደገደለው ግን አይነግሩንም። «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» የሚለው የሬዲዮ ማስታወቂያም የሕመሙን ስም አይጠራም።

ለሐዘንተኛ ይህ ተገቢ ነው። በሽታን ለሚከላከል ሰው ግን ምክንያቱ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሞት ቅጽ ሐኪሙን ምክንያቶቹን በሰንሰለት ያስጽፈዋል፦ መጨረሻ ላይ የገደለው ከላይ፣ ሁሉን የጀመረው ከታች። በሀብሩ ወረዳ ቆላ ወባ የያዘውን ሕፃን እናስብ። ተውሳኩ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ ደም ያንሳል፤ ልብ ይደክማል፤ ይቆማል። «ልቡ ቆሞ ሞተ» ብሎ መጻፍ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የማይቆም ልብ የለም። አጎበርና መድኃኒት የት ይሂድ የሚለውን የሚመልሰው «ወባ» የሚለው የታችኛው መስመር ነው።

ቤቱ ውስጥ ለሚሞተው ይህን ቅጽ የሚሞላ ሐኪም የለም። በአገር አቀፍ ደረጃ ሞት በክብር መዝገብ መስፈር የጀመረውም ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ስለዚህ በቡታጅራና በአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ተጠቅመዋል፦ ሐዘኑ በረድ ሲል የሠለጠነ ጠያቂ ቤተሰቡ ዘንድ ይሄዳል። እናት «ንዳድ ነው የገደለው» ብትል ወባም፣ ተስቦም፣ ግርሻም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው ስሙን ብቻ ይዞ አይመለስም። ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ? ተሽሎት አገረሸበት? ዐይኑ ቢጫ ሆነ? ይንቀጠቀጥ ነበር? መልሶቹን ሐኪሞች ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም መዝነው የሚያመዝነውን ምክንያት ይለያሉ። እናት ባየችው ምልክት ላይ የቆመ ሳይንስ ስለሆነ እኔ በጣም አከብረዋለሁ።

የቃሉ ምርጫ በወሎ እጅግ የከበደው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በነበረው ረሃብ ጊዜ ነበር። ምግብ ያጣ ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን ይበላል። የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል፤ በሽታን የመከላከል አቅም ይወድቃል። ያኔ የጠገበ ልጅ የሚቋቋመው ኩፍኝ የተራበውን ይገድላል፤ ተቅማጥና ተስቦም እንዲሁ። መዝገቡ ላይ «ኩፍኝ» ብቻ ከሰፈረ ረሃቡ ከወረቀቱ ይወጣል፤ ለእህል መዘግየትም የሚጠየቅ አይኖርም። ኩፍኙ ከላይ፣ ረሃቡ ከታች መጻፍ አለበት። የወሎ ገበሬ ቅጹን ሳያይ «ሰው በረሃብ አለቀ» ሲል የታችኛውን መስመር በትክክል ሞልቶታል።